ሦስት ሽማግሌ በአራት ጎማ

የበረዶ ጎማ ልግዛ ወይስ አልግዛ እያለ የሚጨነቅ ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ። መልስ አለኝ ማለቴ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ከእኔ የበለጠ የደከመው ሰው ስለሌለ፣ ቢያንስ አብረን ቁጭ ብለን እንተክዛለን። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እዚህ በረዶ የምናየው ጭማቂ ቤት፣ ብርጭቆ ውስጥ ነው። በጥር ወር በከነቴራ እየሄድን «ዛሬ ደግሞ ምን ያለ ሙቀት ነው!» እያልን ፀሐይ የምናማ ሰዎች ነን። እንዲህ ባለ ከተማ ስለ በረዶ ጎማ አጥብቆ የሚያስብ ሰው ቤተሰቦቹ ሊፈሩለት ይገባል።

እኔን ወደዚህ ነገር የከተተኝ ፍቅር ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ዌስትቼስተር ባለ አንድ ሆቴል ተሳፋሪ ከኤርፖርት እያመላለስኩ እሠራለሁ፤ ኮሪያታውን ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ቤት ተጋርተን እንኖራለን። ሕይወት ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ካወቅኳት በኋላ ላገባት እንደምፈልግ በብዙ ላብ ነገርኳት። እሷም ብዙ ሳታስለምነኝ «ኦኬ» አለችኝ። «ግን አባቴን አስጠይቅ። ያለ ሽማግሌ ንክች አላደርግም።»

አባቷ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን አምስት ሰዓት ተኩል ተነድቶ የሚደረስባት፣ ተራራ ላይ የተቀመጠች ማሞዝ የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ነው የሚኖሩት። ድሮ ሆቴል ውስጥ ሳህን ሊያጥቡ ሄደው በዚያው የቀሩ፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላም ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ሥራቸው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? መንገድ ላይ የወደቀ በረዶ በትልቅ መኪና መጥረግ። ዓለም ላይ ስንት ዓይነት አማች አለ። ነጋዴ አለ፣ መምህር አለ፣ ጡረታ ወጥቶ ዜና የሚያይ አለ። ለእኔ የደረሰኝ በረዶ ጠራጊ ነው። ከዚህም በላይ ደግሞ፣ ሽማግሌ ሳይመጣ የወንድ ፎቶ አላይም፣ ስሙንም በስልክ አልሰማም ብለው ለልጃቸው ቁርጡን ነግረዋታል።

ሽማግሌ ፍለጋ ሐበሻ ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ ወጣሁ። ፌርፋክስ ላይ ሽማግሌ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ፓርኪንግ ነው። ሦስት ሰው ለመንኩ። አንደኛው ጋሽ ታዬ፣ ድሮ ከአሰብ አዲስ አበባ ባለተሳቢ ፊያት ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሞ መንጃ ፈቃዳቸውን ያጡ፣ ምክራቸውን ግን ያላጡ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ ባለ ሱቅ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ራሱ የሚያስታርቅ። ሦስተኛው ወንድም ኤልያስ፣ የጸሎት ሰው፣ ከአርባ ማይል በላይ መንዳት እምነትን መፈታተን ነው የሚሉ። ሦስቱም እሺ አሉኝ፣ መረቁኝም።

እንግዲህ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይሄድም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ማን ይንዳ የሚለው ነበር። አንዱ ፈቃድ የለውም፣ አንዱ ፍሪዌይ አይወጣም፣ አንዱ ደግሞ በአርባ ማይል ከነዳ ለፋሲካ ነው የሚደርሰው። ጓደኞቼን ለመንኩ። አንዱ መኪናዬን ዞሮ አየና «በዚህ ጎማ? በረዶ ላይ? ሕይወቴን እወዳታለሁ» አለኝ። እኔም እወዳታለሁ ብዬ ሳልመልስለት ቀረሁ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ መክረው፣ እኔው ነድቼ እንዳደርሳቸውና ከቤቱ ራቅ ብዬ መኪና ውስጥ ተሸሽጌ እንድጠብቅ ፈረዱ።

ያን ዕለት ማታ ሕይወት ደወለች።

«ዊንተር ታየር ግዛ።»

«ለአንድ ቅዳሜ?»

«ለአንድ ቅዳሜ።»

«ሕይወትዬ፣ ለጎማው ሰንሰለት፣ ቼይን እይዛለሁ። ያሉት ጎማዎች ደግሞ ኦል ሲዝን ናቸው፤ ለሁሉም ወቅት ይሆናሉ ነው የሚለው።»

«ሶ፣ እኔን ለማስጠየቅ አራት ጎማ በዛብህ?» ብላ ዘጋችው።

ወደ ጋሽ ታዬ ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም።

«የበረዶ ጎማ!» አሉ፣ የሰደብኳቸው ያህል። «እኔ ጣርማበርን በጉም ከነተሳቢው ስወጣ የበረዶ ጎማ ማን ሰጠኝ?»

«ጣርማበር ላይ በረዶ አለ እንዴ ጋሼ?»

«ጉም አለ! ጉም ከበረዶ ይብሳል። በረዶ ቢያንስ ይታያል።»

ይህ አባባል ለምን እንዳሳመነኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሰው መስማት የሚፈልገውን የሚነግረው ካገኘ ማስረጃ አይጠይቅም መሰለኝ። እኔም በልቤ አሰላሁት። መንገዱን በሕይወቴ አንድ ጊዜ ነው የምሄደው። ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ አባትየው ይሰማሉ፣ ልጅቷን ይሰጣሉ፣ እንመለሳለን። ለአንድ ቀን መንገድ አራት አዲስ ጎማ ምን ይሠራል? እንዲህ ሳሰላ አንድ ነገር ረሳሁ። በእኛ ወግ የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ብሎ አያውቅም። ሴት ልጁ ሸክም ሆና የቆየችበት ይመስልበታል። አንድ ጊዜ «ላስብበት» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቴና ሦስቴ ያመላልሳል። ይህን አገር ያወቀውን ነገር ረስቼ ጎማ ሳልገዛ ጉዞ ጀመርኩ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሙሉ ልብስ፣ ሦስት ክራቫትና አንድ የውስኪ ስጦታ ጭነን ወጣን። ውስኪውን ጋሽ ሰይድና ወንድም ኤልያስ ስለማይነኩት ጋሽ ታዬ ጭናቸው ላይ አድርገውት ነበር። በረሃውን ስናቋርጥ ሁሉም ደስተኛ ነበር። ከቢሾፕ ከተማ ወዲያ ግን መንገዱ ሽቅብ ሆነ፣ ሰማዩ ከሰለ፣ በረዶውም እንደ ጥጥ ይወርድ ጀመር። ወንድም ኤልያስ «ጌታ ሆይ፣ እንዴት ያምራል!» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ጌታ ሆይ» ብቻ ማለት ጀመሩ።

ሰንሰለት ግጠሙ የሚል ምልክት ስናይ ዳር ይዤ ቆምኩ። ጋሽ ታዬ የዕድሜያቸውን ግማሽ ጥለው ከመኪናው ወረዱ። በክራቫት፣ በሙሉ ልብስ፣ በረዶ ላይ ተንበርክከው ሰንሰለቱን ከእጄ ነጠቁኝ። «አንተ የሆቴል ሹፌር ነህ። ይሄ የሹፌር ሥራ ነው» አሉኝ። ሰንሰለቱን የኋላ ጎማዎች ላይ አጠለቁት። እንደ ወጉ ጠበቅ አድርገው፣ ጫፉን አጥፈው፣ ሁለቴ በእግራቸው መትተው ሲያዩት በጣም ያምር ነበር።

ጋሽ ታዬ ዕድሜ ልካቸውን የነዱት የኋላ ጎማው የሚገፋውን መኪና ነው። የእኔን ካምሪ የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ናቸው። ይህን ከመካከላችን ያወቀ ሰው አልነበረም። ባለቤቱም ጭምር።

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በሰላም ሄድን። ከዚያ መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ፣ እኔም መሪውን ወደ ግራ አጠፍኩ፣ መኪናዋ ግን ሐሳቧን ቀየረች። ፍሬን ስይዝ ጭራሽ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ፣ ተሽሞንሙና ዞረች። ማንም አልጮኸም። ጋሽ ሰይድ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ሲሉ ይሰማኛል፣ ወንድም ኤልያስ በልሳን ይጸልያሉ፣ ጋሽ ታዬ «ማርሽ ቀንስ! ማርሽ ቀንስ!» ይላሉ። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት። ዞራ ዞራ የበረዶ ክምር ውስጥ በቂጧ ተሰክታ ቆመች፣ ፊቷን ወደ መጣንበት አድርጋ።

«ይህች መኪና ወደ ቤቷ መሄድ ፈልጋለች» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሦስት ሽማግሌ በክራቫት መኪና ሲገፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየትም አልፈልግም። ወጥተን በሰው ፍጥነት እየተሳብን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሞዝ ገባን። ጫማቸው ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ጋሽ ወርቁ ቤት ወጡ። እኔ ከቤቱ ራቅ ብዬ አቁሜ፣ ከመኪናዋ ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያገኘሁትን የፀሐይ መከላከያ ሸራ ተከናንቤ ተጋደምኩ። የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት እዚያ ቤት ውስጥ እየተወሰነ፣ ሰውዬው ግን የመኪና መጋረጃ ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ለራሴ አዘንኩ።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መስኮቱ ተንኳኳ። ቁመተ ረጅም፣ ሽበታም፣ ብርቱካናማ የሥራ ጃኬት የለበሱ ሰው ቆመዋል።

«አንተ ነህ ሹፌሩ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሰው ደጄ ላይ ብርድ እየበላው እኔ እንግዳ አስተናግዳለሁ? ና ግባ!»

ይኸውላችሁ፣ የኢትዮጵያ እንግዳ ተቀባይነት ሰው ሊገድል የሚችልበት ጊዜ አለ። ክንዴን ይዘው እየጎተቱ አስገቡኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ መልስ ሳያገኙ እንዳይቀመጡ ወጉ ስለሚያዝ፣ በካልሲ ብቻ ምንጣፍ ላይ ቆመው ነበር። ሲያዩኝ ደማቸው ከፊታቸው ጠፋ።

«ስምህ ማነው?» አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ሦስቱም እኔን ለማዳን በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ጋሽ ታዬ «አበበ» አሉ። ጋሽ ሰይድ «ከማል» አሉ። ወንድም ኤልያስ «ሳሙኤል» አሉ። ጋሽ ወርቁ ሦስቱን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ተቀመጥ» ብቻ አሉኝ። ሹፌር ቃል ስለሌለው ይቀመጣል። እንዲህ ሆኖ የታጨሁበትን ሸንጎ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እጄ ላይ የሾርባ ሳህን ይዤ ተከታተልኩ።

ሽማግሌዎቹ ስለ ልጁ ተናገሩ። እውነቱን ለመናገር ልጁን እኔም ማግባት አማረኝ። ጋሽ ታዬ ሆቴል ያስተዳድራል አሉ። ወንድም ኤልያስ ቤት ሊገዛ ጫፍ ደርሷል አሉ። ጋሽ ሰይድ እንኳ፣ ለወትሮው የማይዋሹት ሰው፣ «ቁጡ አይደለም፣ አስተዋይ ነው፣ ነገን የሚያይ ነው» አሉ። ስሜንም ጠሩ፣ ትክክለኛውን። እኔ ሾርባዬን እያየሁ ቀና አልልም።

ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ ዞሩ። «ሹፌር ብዙ ይሰማል። ይህን ልጅ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ጥሩ... ጥሩ ሰው ነው ይላሉ።»

«ነገን የሚያይ ከሆነ ታዲያ ሽማግሌ ወደ በረዶ ሲልክ ለምን የበረዶ ጎማ አልገጠመም?»

ጋሽ ታዬ ስለ ጉም ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ሰይድ ክርናቸውን ነኩ።

«ሎስ አንጀለስ በረዶ የለም ብሎ ነው» አልኩ።

«ልጄ ሎስ አንጀለስ ናት። እኔ ግን እዚህ ነኝ።» ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ሌላ ነገር ነው፣ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «ቃላችሁን ሰምቻለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ! ወሽመጤ ተቆረጠ።

ሊሸኙን እስከ መኪናው ወጡ። የኋላ ጎማ ላይ ያለውን ሰንሰለት ሲያዩ ሬሳ ፊት የቆሙ ይመስሉ ነበር። ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ፈቱትና ለፊት ጎማዎቹ ራሳቸው ገጠሙት። የእኔን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አድርገው «ንካው» አሉኝ። ድንጋይ ነው። የራሳቸውን መኪና ጎማ አስነኩኝ። በዚያ ብርድ ገና ለስላሳ ነው።

«የቆላ ጎማ ሲበርደው ይደርቃል። የደረቀ ጎማ ደግሞ በረዶውን መያዝ አይችልም፤ ይንሸራተታል። ሰንሰለት መሄድ ይረዳሃል እንጂ እንደዚህ ጎማ አያቆምህም። ለዚያ ልጅ ንገረው፣ ሽማግሌ የሚልክ ከሆነ በጎማ ይላክ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያው ልጅ ስለ ጎማ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

ሎስ አንጀለስ ስመለስ ሕይወት ሳትጮህብኝ ቀረች፤ ይህ ከጩኸት ይከፋል። «አባቴ ቤት ሹፌር ነኝ ብለህ ሾርባ ጠጣህ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት፤ ሄዳ መስኮት ላይ ቆመች። እኔም ሰኞ ጎማ ቤት ሄድኩ። ሻጩ፣ ዕድሜ ልኩን ሎስ አንጀለስ የኖረ ሰው፣ የምፈልገውን ስነግረው ውጭውን አየ። ውጭ ሰዎች በቁምጣ ይሄዳሉ። «ማዘዝ አለብኝ፤ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አንይዝም» አለኝ፣ ለታማሚ በሚሆን ርኅራኄ። ደግሞም በሙቀት አገር ቶሎ እንደሚያልቅ፣ በጋ ሲሆን ማውለቅ እንዳለብኝ ነገረኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት የለመደብኝ ሰው ነኝ።

የወለቁት አራት ጎማዎች ወደ ኮሪያታውን ቤታችን ገቡ። ቤታችን ቀድሞም ለሦስት ሰው ይጠባል። አንደኛው የቤት ጓደኛዬ ቴሌቪዥኑን ሁለቱ ላይ አስቀመጠ፣ ሌላኛው የቀሩትን ሁለቱን አነባብሮ ራት መብያ ጠረጴዛ አደረጋቸው። አዲሶቹ ደግሞ ፍሪዌይ ላይ እንደ ንብ ያዜማሉ። ፌርፋክስ ምግብ ቤት ፊት ፓርክ ሳደርግ ሰዎች ከውስጥ እየወጡ ጎማውን ይዳስሳሉ። አንዱ «በረዶ ሊመጣ ነው እንዴ? የሰማኸው ነገር አለ?» ብሎ በቁም ነገር ጠየቀኝ። የበረዶ ጎማ መግዛት ነርስ ከማግባት ይቀላል የሚሉ ነበሩ፣ አይቀልም የሚሉም ነበሩ። እኔ መመለስ ሰልችቶኝ በመጨረሻ መኪናዬን ሌላ መንገድ ላይ ማቆም ጀመርኩ።

ሁለት ሳምንት ሞላና ተነሣን። ሄድን፣ በረሃውን አለፍን፣ ቢሾፕን አለፍን፣ ዳገቱን ወጣን። በረዶ የለም። መንገዱ ደርቆ ያብለጨልጫል፣ ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ የቀለጠው ውሃ በየዳሩ እየተንዶለዶለ ይወርዳል። ጋሽ ታዬ መስኮት ከፍተው እጃቸውን አወጡና «አቤት ፀሐይ! ጎማህን እንግዲህ በምን ትበላው?» አሉኝ። የዚያን ያህል በረዶ የናፈቀው ሎስ አንጀለሳዊ ኖሮ አያውቅም። አንዲት ኩርባ ላይ፣ ዛፍ ጥላ ውስጥ የቀረች የሻሽ መጠን ያላት በረዶ አየሁና መኪናውን ወደ እሷ ሰበር አድርጌ ሄድኩባት። ጎማው በደንብ ያዘ። ደስ አለኝ።

ጋሽ ወርቁ በር ላይ ጠበቁን። እኔን ግባ እስኪሉኝ አልጠበቅኩም፤ መሸሸግም አቅም ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፣ እኔ ተቀመጥኩ፣ ወንድም ኤልያስ ጸሎት አደረጉ፣ ጋሽ ሰይድ በለሰለሰ ድምፅ ለመልሱ መምጣታችንን ተናገሩ። ጋሽ ወርቁ ለእነሱ መልስ አልሰጡም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጁ ጎማውን ገዛ?»

«ገዛ።»

«ባለፈው የሆቴል አስተዳዳሪ ነው ብለውኝ ነበር።»

ጋሽ ታዬ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። እኔ ግን አምስት ሰዓት ተኩል ነድቻለሁ፣ ከዚያ በፊት ስድስት ቀን ሻንጣ ተሸክሜያለሁ፣ በቲቪ ማስቀመጫ ጎማ ተደናቅፌያለሁ። ለመዋሸት የሚያስፈልገው ጉልበት ከየት ይምጣ?

«አያስተዳድርም ጋሼ። የሆቴሉን ሰው ከኤርፖርት ያመላልሳል። ቤትም ሊገዛ አይደለም፤ ከሁለት ሰው ጋር ነው የሚኖረው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። አስተዋይ ነው የተባለውም ትክክል አይደለም፤ አስተዋይ ቢሆን ኖሮ ሦስት አባቶች ይዞ በደረቀ ጎማ በረዶ ላይ አይወጣም ነበር። አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ልጅዎን ይወዳታል። እምቢ ካሉት የት እንደሚገባ አያውቅም።»

ወንድም ኤልያስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ሰይድ ምንጣፉን አዩ።

«ሦስት ስም ያለው ሹፌር አይቼ አላውቅም» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ያን ቀን ነው ያወቅኩህ። ስለ አንተ ሲያወሩ ሾርባው ውስጥ ልትገባ ነበር እኮ። ዝም ያልኩህ ተመልሰህ ትመጣ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። ከዚህ በረዶ አንዴ የወረደ ሁለተኛ አይመጣም።»

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ነው የተናገሩት።

«የዛሬ ሦስት ዓመት ሕይወት ለገና ልትጠይቀኝ ስትመጣ፣ ከታች ኩርባው ላይ መኪናዋ ተንሸራትቶ የመንገዱ ዳር መከላከያ ብረት ላይ አረፈ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። መንገዱን እየጠረግሁ ስመጣ ነው መኪናዋን ያየሁት። እሷ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ከመኪናዬ ወርጄ እስክደርስ ድረስ ያንን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በረዶ ሳለ እንዳትመጪ አልኳት። እዚህ ደግሞ በረዶ ግማሽ ዓመት ነው። ሶ፣ የዓመቱን ግማሽ ልጅ የለኝም።»

ሕይወት ይህን አንድ ቀን አውጥታ አልነገረችኝም ነበር። ያን ቀን በስልክ ለምን ጎማ ግዛ እንዳለችኝ፣ ሳልገዛ ስቀር ለምን ዝም እንዳለች እዚያ ሶፋ ላይ ገባኝ። አፈርኩ።

«እሷ ለእኔ ስትል እንኳ አዲስ ጎማ አትገዛም። ኩርባውን ትፈራለች። እኔም ነይ ማለት እፈራለሁ። ሁለታችንም ስልክ ላይ ስለ አየሩ እናወራለን።» ጋሽ ወርቁ ዞር አሉ። «ጥሎሽ ወርቅ አልፈልግም፣ ልብስ አልፈልግም። የበረዶ ጎማ። አራት። ለእሷ መኪና።»

«አሜን!» አሉ ወንድም ኤልያስ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና ሰጠሁ አላልኩም» አሉ ጋሽ ወርቁ።

እኔ እንደ ሞኝ «ያሉኝን አራቱን እኮ ለእሷ ማዛወር እችላለሁ» አልኩ።

«የአንተ ለእሷ አይሆንም። የእሷ ጎማ ልኩ ሁለት መቶ አምስት፣ ሃምሳ አምስት፣ አሥራ ስድስት ነው።» ወረቀት አላዩም፣ አላሰቡም፤ የልደት ቀኗን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ቁጥር በልባቸው ይዘው ኖረዋል። ጋሽ ታዬ እንኳ፣ ስለ ጎማ የማይረቱት ሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «እገዛለሁ» አልኩ። «እንግዲያው ተቀመጡ» አሏቸው ጋሽ ወርቁ ሽማግሌዎቹን። የሴት አባት ቆሞ የመጣን ሽማግሌ ተቀመጥ ካለ ልጅቷን ሰጠ ማለት ነው። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም ሁላችን፣ ሁሉም በየሃይማኖቱ፣ አሜን አልን።

በሐምሌ ተጋባን። ኅዳር ሲገባ የእሷን ጎማ አስቀየርኩ። ፈተናው ግን እሱ አልነበረም። ሕይወት ወደ አባቷ ለመንዳት መሪውን እስክትጨብጥ አንድ ወር ፈጀባት። እኔ ልንዳ ስላት «ኖ፣ እኔ ድራይቭ ካላደረግኩ ዋጋ የለውም» ትላለች፤ ቁልፉን ስሰጣት ደግሞ መልሳ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ተነሥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ጃኬቷን ለበሰች።

ያን ቀን በረዶው የምር ነበር። ዳገቱ ላይ ስንደርስ እኔ መናገር አቆምኩ፣ እሷ መተንፈስ አቆመች። ኩርባው መጣ። በሁለት እጇ መሪውን አንቃ ይዛለች። ቀስ ብላ ገባች፣ ጎማው ያዘ፣ ቀስ ብላ ወጣች። ወዲያ ማዶ ከደረስን በኋላ «አለፍኩት?» አለችኝ። «አለፍሽው» አልኳት።

ጋሽ ወርቁ ከዋናው መንገድ እስከ በራቸው ድረስ በአካፋ ጠርገው ጠበቁን። ሥራቸው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ መውሰዳቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። መኪናው ሲቆም ሰላም ሊሉኝ መሰለኝና እጄን ዘረጋሁ፤ አልፈውኝ ሄዱ። የፊቱን ጎማ ዳሰሱ። ዞረው ሌላውን ዳሰሱ። ሦስተኛውን ዳሰሱ። አራተኛው ጋ ሲደርሱ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን እንዳስደገፉ ቀሩ። ጉልበታቸው የያዛቸው መስሎኝ ላነሣቸው ጎንበስ ስል ሕይወት ክንዴን ያዘችኝ። ራሷ ሄዳ አጠገባቸው በረዶው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ መጣሁ እኮ» አለቻቸው።

«አየሁሽ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ፊታቸውን ከጎማው ሳያነሡ።